የኬልሮዙ ቡጢኛ

ላይል ሳቭቹክ በረዶ ላይ መንሸራተት እምብዛም አይሆንለትም ነበር። የኬልሮዝ ወጣቶች ሆኪ ቡድን ከአባቱ የስንዴ እርሻ ያስመጣው ለቡጢው ነው። አሰልጣኙ ጋርኔት ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ይገባና ዱላውን ጥሎ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ከተቃራኒ ቡድን አንዱን አንቆ ይደበድባል። ተመልካቹ ያብዳል። ዳኞቹም አንዱ እስኪወድቅ ቆመው ያያሉ።

ቤት ሲገባ፣ ቡድኑ ያስጠጋው ቤት ባለቤት ዶሪን ያበጠ እጁን በረዶ ባልዲ ውስጥ ነክራ የእራት ሥጋውን ትቆራርጥለታለች።

«በዚህ እጅህ አንድ ቀን ሰው ትገድላለህ።»

«እነሱም እኮ ይመቱኛል።»

«እሱንማ ፊትህ ይናገራል።»

በየካቲት የስቲልቦሮ ቡድን መጣ። ጋርኔት ትከሻውን ነካው። የገጠመው ኦወን የሚባል ቀጫጫ ልጅ ነበር፤ ጓንቱን እያወለቀ ቀረበው።

«ቀስ በል፣ እናቴ እያየች ነው» አለው በሹክሹክታ።

ላይል ሰምቶታል። ቢሆንም አገጩን ደጋግሞ መታው። ሄልሜቱ ወልቆ በረረ፤ ልጁም ወደ ኋላ ተዘርሮ በማጅራቱ በረዶው ላይ ወደቀ። እግሩ ተንፈራገጠ፣ ከጆሮው ደም ወጣ። ሲጮህ የነበረው ሕዝብ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት እየወደቀች እየተነሳች በረዶው ላይ ወደ ልጁ ሮጠች።

ጋርኔት ግን «አበጀህ» ብሎ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገው።

በመልሱ ጨዋታ ትከሻውን ሲነካው ላይል አልተነሳም።

«ፈራህ እንዴ?»

«ሰው አልመታም።»

«ታዲያ ለምንህ ነው ያመጣሁህ? ግባ።»

ገባ። የኦወን ጓደኛ ጓንቱን ጥሎ መጣበት። ላይል የራሱን አላወለቀም። የልጁ ቡጢ መጀመሪያ አፍንጫውን፣ ቀጥሎ መንጋጋውን ሰበረው፤ የፊት ጥርሶቹ ከነደማቸው በረዶው ላይ ተበተኑ። እጁን ሳያነሳ ወደቀ። የውድድር ዘመኑ ለእሱ በዚሁ አበቃ።

በረዶው ሲቀልጥ፣ መንጋጋው ገና በሽቦ እንደታሰረ፣ የኦወንን ቤት አንኳኳ። እናትየዋ ከፈተች። ስታውቀው ያንኑ መንጋጋ በጥፊ አጮለችው። ዓይኑ እስኪጨልምበት አመመው።

«ጥርስህን ማን ነው ያረገፈው?»

«የሱ ጓደኛ።»

«እጁ ይባረክ» አለችና በሩን ክፍት ትታለት ገባች።

ኦወን መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ሶፋ ላይ ተጋድሟል።

«በዚህ በኩል ተቀመጥ» አለው። «ያኛው ጆሮዬ አይሰማም።»

«ይቅርታ» አለ ላይል በታሰረ አፉ።

«ምን አልክ?»

ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ኦወን ራሱን ነቀነቀ፤ ይቅር ይበለው አይበለው ላይል አልገባውም።

ከዚያ ወዲህ ሆኪ አልተጫወተም። ዛሬ የስንዴ ጎተራ ውስጥ ይሠራል፤ ብርድ ሲበረታ ቀኝ እጁ አልጨብጥ ይለዋል።