ሒሳብን በቃሌ የያዝሁ ጊዜ

በጃንሆይ ዘመን ንፋስ መውጫ ግምጃ ቤት በረዳት ጸሐፊነት የገባሁ ዕለት አለቃዬ አቶ ዘለቀ የሰጡኝ ሥራ ማስመር ነበር። ያን ጊዜ መዝገቡ ባዶ ወረቀት ሆኖ ስለሚመጣ ዓምዱን በእጃችን እናሰምራለን። ቀኑን ሙሉ ሳሰምር ዋልሁ። ወደ ማምሻው አቶ ዘለቀ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና «እጅህ ደኅና ነው። እንግዲህ የሚጽፈውን እንዲያውቅ ማድረግ ነው» አሉኝ። እኔ ደኅና መባሌን ብቻ ሰማሁ።

አቶ ዘለቀ የግምጃ ቤቱ ሒሳብ ሹም ናቸው። ከእሳቸው በታች እኔና ደምሴ ነበርን። ደምሴ የእስቴ ልጅ ነው፤ አስኳላ ገብቶ ጥቂት ክፍል ቆጥሯል። እኔ የስማዳ ሰው ነኝ፤ ዳዊት ደግሜ፣ ጾመ ድጓ አድርሼ፣ ቅኔ ቤት ገብቼ ወዲያው የወጣሁ።

የወጣሁበትን ምክንያት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ያዘጋጀውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም ጓደኞቹ እየሰሙ የተበላሸውን ያፈርሱበታል። አንድ ቀን የኔ ፈረሰ። ተማሪው ሳቀ። በማግሥቱ ስልቻዬን ይዤ አገሬ ወገዳ ገባሁ፤ ቤተሰቦቼም ያመመኝ መሰላቸው።

አቶ ዘለቀ ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ ከጎንደር ትእዛዝ መጣ። የሒሳብ አያያዝ ፈተና ያለፈ በቦታቸው ይሾማል፤ የወደቀ ጸሐፊ እንደሆነ ይቀራል። ለፈተናው መዘጋጃው መንገድ ሁለት ነበር፤ መጽሐፍ ገዝቶ በራስ ማጥናት፣ ወይም ከአዲስ አበባ በፖስታ በሚላክ ትምህርት መመዝገብ። ደምሴ በፖስታው ተመዘገበ። ትምህርቱ ይመጣለታል፤ ጥያቄውን ሠርቶ ይልካል፤ ታርሞ ይመለስለታል።

ፖስታ ከደብረ ታቦር በበቅሎ ነበር የሚመጣው። ለመሥሪያ ቤቱ ሰው የመጣውን ሁሉ የሚከፍቱት አቶ ዘለቀ ናቸው፤ ልማዳችን ነበር። የደምሴን የመጀመሪያ ሥራ ከፈቱና ጮክ ብለው «ከዐሥር ሦስት» አሉ። ወረቀቱ ቀይ በቀይ ሆኗል። ግብር ሊከፍሉ የተሰለፉት ገበሬዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። «ደምሴ፣ ወረቀትህ ላይ በግ አረዱበት እንዴ?» አልሁት። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አቶ ዘለቀ ወደኔ ዞሩ። «አንተስ መቼ ነው የምትመዘገበው?»

«መጽሐፍ አለኝ ጌታዬ። በራሴ አጠናለሁ።»

«መጽሐፍ ያስተምር ይሆናል እንጂ አያርም። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም? ያንተማ የሒሳብ ሹምነት ናት።»

«መክፈያውም የለኝ» አልሁ። ውሸቴን ነው። ገበሬ በተሰለፈበት የኔ ወረቀት «ከዐሥር ሁለት» ተብሎ ሲነበብ ታይቶኝ ነው።

መጽሐፉን እንደ ዳዊት ያዝሁት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ጽድ ሥር ቁጭ ብዬ፣ እየተወዛወዝሁ፣ ዴቢትና ክሬዲትን በዜማ እላቸዋለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ምሳሌ ሆነው ገብተዋል። የገዙትን፣ በዱቤ የሰጡትን፣ የከሰሩትን፣ በመጨረሻም የሒሳባቸውን ሚዛን አንድ ሳላስቀር በቃሌ ያዝሁ። ከየምዕራፉ መጨረሻ መልመጃ ነበረው። መልሱ አብሮ ስላልተጻፈ የማይጠቅም መሰለኝና ዘለልሁት።

ቃሌ ሲንቆረቆር የሰማ ሁሉ አደነቀኝ። ገበያ ስወጣ የሚያውቁኝ «ሹመት ያዳብር!» ይሉኝ ጀመር። «ኧረ ገና ነው» ማለት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «አሜን» እላለሁ። በዚያ መካከል የደምሴ ወረቀቶች አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እያገኙ ይመለሱ ነበር፤ የሚስቅም አልነበረም።

ጎንደር ገብተን ተፈተንን። ጥያቄው ስለ አንድ እህል ነጋዴ ነበር። አነሳሱ የወይዘሮ አስካለን ይመስላል፤ ደስ አለኝ። ጨርቁን እህል እያልሁ የሳቸውን ሒሳብ ከነቁጥሩ ደረደርሁት። ሁለቱ ወገን እኩል መጣልኝ። ከሁሉ ቀድሜ አስረክቤ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሁላችንም ባለንበት ፈታኙ በየስማችን ጠራን። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይመስልም። ወረቀቴን ይዞ ግራ ገብቶታል።

«የዚህ ነጋዴ ጎተራ ተቃጥሏል ይላል ጥያቄው። አንተ የተቃጠለውን እህል የት አስገባኸው?»

ጎተራ መቃጠሉን ያኔ ገና መስማቴ ነው። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አላነበብሁትም።

«እሺ፣ ይህ አቡጀዲ ከየት መጣ? እህል ነጋዴ አቡጀዲ ምን ያደርግለታል?»

ሁሉን ስለውጥ አቡጀዲው አምልጦኛል። «የወይዘሮ አስካለ ነው» አልሁ።

«የማን?»

«የወይዘሮ አስካለ... የመጽሐፉ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፈታኙም ሊይዘው ሞክሮ አልቻለም። ደምሴ ብቻ መሬት መሬት ያይ ነበር። እሱም ቢስቅ በወደድሁ።

ደምሴ አለፈ፤ እኔ ወደቅሁ። አብረን ተመለስን። ንፋስ መውጫ መግቢያ ላይ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ከበቅሏቸው ሊወርዱልኝ ቃጣቸው፤ «ሹመት ያዳብር፣ ልጄ!» አሉኝ። ደምሴ አጠገቤ ቆሟል። ልማድ ሆኖብኝ «አሜን» አልሁ። የሰው ሹመት ባለቤቱ ፊት ተቀበልሁ። የጎንደሩ ሳቅ ከዚህ ይሻለኝ ነበር።

ደምሴ ሒሳብ ሹም ሆነ። እኔም አንቱ እለው ጀመር። «ምነው አንቱ አልኸኝ?» ቢለኝ፣ «ደንብ ነው» አልሁት። ዓይኑን ላለማየት መዝገብ ላይ አቀርቅሬ እውል ነበር።

የዓመቱ መዝጊያ ሲደርስ የሠራሁት ሚዛን አልገጥም አለ። ብደምር፣ ብቀንስ፣ እንቢ። ሊፈርድብኝ የተቀመጠ ዳኛ ፊት የምቀርብ ያህል እየፈራሁ ወረቀቱን ይዤለት ሄድሁ።

«አቶ ደምሴ፣ የተሳሳትሁ መሰለኝ። ቢያዩልኝ።»

በርጩማ ስቦ አጠገቡ አስቀመጠኝ። በእርሳስ እየነካ ወረደና ስሕተቴን አገኘው፤ የወጣውን ከገባው ወገን ጽፌው ኖሯል። ሊነሣ ካለ በኋላ ተመልሶ ቁጭ አለ።

«ያን ጊዜ ስትስቅብኝ እኮ፣ እውነትም የምታውቅ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ሰንበት ሰንበት አብረን እናጥና፣ የኔን ወረቀት እያየህ አርመኝ ልልህ ስንት ጊዜ ጽዱ ድረስ መጥቻለሁ። በቃልህ ስታንቆረቁረው እሰማና፣ ይኸማ ጥሎኝ ሄዷል፣ ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ ብዬ አፍሬ እመለሳለሁ።»

እኔ ከሰው ስሸሽግ የኖርሁትን ድንቁርና እሱ ዕውቀት ብሎት፣ እያፈረኝ ይመለስ ነበር። በዚያች በርጩማ ላይ እንደተሰማኝ ያለ ሐፍረት ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

በኋላ በፖስታ ተመዝግቤ፣ ደግሜ ወድቄ፣ እንደ ምንም አለፍሁ። ወጣት ጸሐፊዎች በራስ ማጥናት ይሻላል ወይስ በፖስታ መማር እያሉ ይጠይቁኛል። በሁለቱም ያለፈ ሰው አውቃለሁ። የሠራውን ለሌላ ሰው ሳያሳይ ያለፈ ግን አላውቅም።