ባለ ፈረሷና ባለ ርግቧ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ኑርሁሴን የሚባል ሰው ጥቂት አልነበረም። «ሬዲዮው ኑርሁሴን» ከተባለ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንዱን ነው፤ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጓደኛው ከውበቱ ጋር በሽርክና በከፈታት ጠባብ ሱቅ የሚቆመውን ረጅሙን ሰው። ውበቱ ከዓሣ ንግድ ተነስቶ ሱቅ የደረሰ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነበር። ኑርሁሴን ለኢድ ሲቀር ውበቱ ሱቁን ይይዛል፤ ውበቱ ግሸን ሲወጣ ኑርሁሴን ይይዛል። እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ሲኖሩ ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

የሚሸጧቸው ሬዲዮዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። ፋብሪካዎቹ የየራሳቸው የባዕድ ስም አላቸው፤ የአምባሰል ገበሬ ግን ፊታቸው ላይ ያለውን ምልክት እያየ «ባለ ፈረሷ» እና «ባለ ርግቧ» ይላቸዋል። ኑርሁሴን የሚወደው ባለ ፈረሷን ነው። ለሚገዛው ሁሉ «ይቺ እንደ በሬ ናት፤ በቸገረህ ቀን አውጥተህ ትሸጣታለህ» ይል ነበር። ሲል አይዋሽም፤ ያምንበታል።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት በልጉ ቀረ። እህል ሲወደድ ሬዲዮ የሚጠይቅ ጠፋ፤ በገበያ ቀን እንኳ ሰው ሱቁን ዓይቶ ማለፍ ጀመረ። ውበቱ ዕቃ ሊያይ ደሴ ወርዶ ሲመለስ ወሬ ይዞ መጣ። ባለ ርግቧ ዋጋዋ ወርዷል፤ ፋብሪካዎቹ ባሕር ማዶ እየተፎካከሩ ዋጋ እየሰበሩ ነው።

«ስማኝ ኑርሁሴን» አለ ውበቱ። «የባለ ርግቧ ፋብሪካ ሰዎች የሬዲዮውን ሆድ ዕቃ ሁሉ ጥፍር በምታክል ጥቁር ቁራጭ ውስጥ ከተውታል። ሽቦው ቀንሷል፤ ባትሪ ድንጋይ እንደ ድሮው አትጨርስም። ገበያው ተኝቶ ሳለ በርካሽ ከሰበሰብናት ዝናቡ ሲመለስ ባለ ዕቃ እኛ ነን።»

«ጥፍር የምታክለው ነገር ስትቃጠልስ ማን ይጠግናታል?» አለ ኑርሁሴን። «የባለ ፈረሷ ዕቃ ለየብቻው ነው፤ አንዱ ሲበላሽ አንዱን ትለውጣለህ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚይዝ።»

«የባለ ፈረሷ ፋብሪካ ሊዘጋ ነው ይላሉ።»

«ማን ይላል?»

«ደሴ ያለ ነጋዴ ሁሉ ይላል።»

«ደሴ የሚወራው ሁሉ እውነት ቢሆን ወላሂ እስካሁን ሀብታም ነበርን።»

የኑርሁሴን ሚስት ፈዲላ ከሱቁ ደጃፍ በርበሬና ቅመም ትቸረችር ነበር። ቀና ሳትል «ዘንድሮ ሬዲዮ የሚገዛ ሰው እስቲ አሳዩኝ» አለቻቸው። «ማሽላ ግዙና ለየቤታችሁ አስቀምጡ።»

«እህል አከማቸ ተብዬ ቀበሌ ልታሰር?» አለ ውበቱ።

«ለቤት የሚሆን ነው እኮ ያልኩ።»

ክርክሩ በየዕለቱ ቀጠለ። ሥራ የፈታ ነጋዴ ሁሉ በረንዳቸው ላይ እየተሰበሰበ ጎራ ለየ። ሁለቱም ከራሳቸው ገበያ ይልቅ ያላዩትን አገር ፋብሪካ ነገር ያሰላስሉ ነበር። በመጨረሻ ኑርሁሴን ሰው ፊት «ንግድ ዓሣ መሰለህ? መረብ የያዘውን ሁሉ የምትዝቀው» አለው። የተሰበሰበው ሳቀ። ውበቱ አልሳቀም። በማግሥቱ ሽርክናው ፈረሰ፤ ኑርሁሴን ድርሻውን በሙሉ ባለ ፈረሷ ላይ፣ ውበቱ ድርሻውን በሙሉ ባለ ርግቧ ላይ አዋሉት። ውበቱ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሱቅ ተከራየ።

ክረምቱም ሳይዘንብ አለፈ። ከአምባሰል ቆላ የሚወርደው ሰው መንገዱን ሞላው፤ ገሚሱ እርዳታ ወደሚታደልበት መጠለያ ይሄዳል፣ ገሚሱ መንገድ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ቀደም ሲል የተሸጡት ሬዲዮዎች መመለስ ጀመሩ።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ከበደ የሚባሉ የግሸን ሥር ገበሬ ነበሩ። ባለ ፈረሷን ከነቆዳ ልብሷ ከብብታቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጧት።

«በሬውን ሸጬ በልቻለሁ። ይቺ ቀርታኛለች» አሉ። «አንተ አይደለህ እንደ በሬ ናት ያልከኝ?»

«ጋሽ ከበደ፣ አሁን እኮ የሚገዛ የለም።»

«ገንዘብ አላልኩህም። እህል።»

ኑርሁሴን ጓዳ ገብቶ ማሽላ ሰፈረላቸው። ፈዲላ ያለ እሱ ፈቃድ ለቤት ገዝታ ያኖረችው ማሽላ ነበር። ሰውየው ነጠላቸውን ዘርግተው ተቀበሉና ወጡ። ሌሎችም ተከተሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር በከተማው ተወራ፤ እህል ካለው ሰው ዘንድ በባለ ፈረሷ ሁለት ቁና ማሽላ ይገኛል፣ በባለ ርግቧ ግን አንድ ቁናም አይሞላም። ኑርሁሴን ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ሳያስበው ዘሎ ወጥቶ በመንገዱ ማዶ ለቆመው ውበቱ «ሰማህ? በራብ ቀን እንኳ የኔዋ ትበልጣለች» አለው።

ውበቱ ወደ ሱቁ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ማታ ፈዲላ እራት አቅርባ አብራው አልተቀመጠችም። «ቅድም ያልከውን ሰምቻለሁ» አለችው። «ጋሽ ከበደ ከመጠለያው ሳይደርሱ ሞተዋል፤ አንተ ማን በለጠ ትላለህ።»

ውበቱ ኪራዩን መክፈል ሲያቅተው ዕቃውን ባገኘው ዋጋ ለቆ የንግድ ፈቃዱን መለሰ። ቀበሌው ሥራ ፈት ብሎ መዘገበውና ከሚስቱ ከተሻለች ጋር ለሰፈራ ወደ ወለጋ ጫነው። ኑርሁሴን መኪናው ሳይነሳ ደረሰ። በወረቀት የጠቀለለውን ዳቦ ወደ ላይ ዘረጋ። ዳቦውን የተቀበለችው ተሻለች ናት። ውበቱ ፊቱን ወደ ሐይቁ እንዳዞረ ሄደ።

ዝናብ ሲመለስ ገበያውም ቀስ እያለ ነቃ። ኑርሁሴን ባለ ፈረሶቹን አቧራቸውን ጠርጎ ደረደራቸው፤ የሚጠይቅ ግን የለም። ደሴ ሲወርድ ፋብሪካው ከተዘጋ መቆየቱን፣ መለዋወጫም እንደማይመጣ ነገሩት። አሁን ሰው የሚፈልገው ባለ ርግቧን ብቻ ነው። ኑርሁሴን ያለውን በርካሽ ለቆ ባለ ርግቧን ማምጣት ያዘ። ኑሮው ተመለሰ። ግን የትኛዋ ትሻላለች ሲሉት «ዓይተህ ምረጥ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም ነበር።

በሰባ ዘጠኝ ተሻለች ከሰፈራ ጠፍታ በእግሯም በመኪናም እያለች ሐይቅ ገባች። ብቻዋን ነበረች፤ ውበቱን ወባ ወስዶታል። ፈዲላ ደጃፍ ላይ አቅፋት አለቀሰች። ኑርሁሴን ከባንኮኒው ወጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ስለ እኔ ያለው ነገር ነበር?» አላት።

«ምን ይላል፤ እስኪሞት ድረስ ኑርሁሴን ተሳስቷል እንዳለ ነው። ያገኘውን ሰው ሁሉ እየያዘ ስለዚያ ሬዲዮ ያወራል። ልብስ የለንም፣ እሱ ስለ ፋብሪካ ያወራል።»

«እውነቱን ነበር» አለ ኑርሁሴን። «የተሳሳትኩ እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ አሁን ይሄ ለኔ ምኔ ነው?» አለችው። ከዚያ ወደ ፈዲላ ዞራ የሚበላ ነገር እንዳላት ጠየቀቻት።