ቲቸር ዱቄት የተባልኩበት ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ የባጃጅ ሾፌር በሬን አንኳኩቶ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አወረደልኝ። ያዘዘችልኝ ታናሽ እህቴ ስመኝ ናት። እኛ ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ያለን ጎረቤቶች በቴሌግራም ተሰባስበን ጤፉንም ዘይቱንም በጅምላ ከደጋ እናስመጣለን። ከሱቅ ይረክሳል፤ ደግሞ እቤት ድረስ ይመጣል። ልጁ ጆንያውን ከግድግዳው አስደግፎ ሊሄድ ሲል፣ "ቆይ እስቲ፣ ዱቄት ነው ወይስ እህል?" አልኩት።

"እህል ነው ማዘር። ምነው?"

ምነው እንደሆነ ልንገርህ ብለው እስከ ምሳ ሰዓት ቆሞ ሊውል ነው። ስቄ ሸኘሁት። ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት ሰሞን ነው። በየቢሮው ደጃፍ አዲስ ታፔላ ይተከል ነበር፤ ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ይንከራተታል። እኔም ከጎሬ ወዲያ ካለች ብርዳም መንደር የመጣሁ የሃያ ሦስት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። መጀመሪያ ስመጣ ከቡሬ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሜዳው ላይ ስንደርስ ነጠላዬንም አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ያንን ሹራብ መልሼ የለበስኩት አገሬ ለጥየቃ ስሄድ ብቻ ነው።

ገበያው የደጋ ነገር ሲሆን ይጨክናል። ሽንኩርት አራት አራት ተደርድሮ ይሸጣል፤ ጤፍማ አይነሳ። ዓሣው ከባሮ በየጠዋቱ ይወጣል፣ ማንጎውም በወቅቱ መንገድ ላይ ይረገጣል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እኔ እንጀራ ካልበላሁ ምሳ የበላሁ የማይመስለኝ ደገኛ ነበርኩ። ደመወዜ ወሩ ሳይጋመስ ሆዴ ውስጥ ያልቅ ነበር።

ይህ ለእኔ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ስመኝ በዚያ ዓመት ስምንተኛ ክፍል ትጨርሳለች፤ በመንደራችን ደግሞ ከዚያ በላይ ትምህርት ቤት የለም። ወደ እኔ መጥታ እንድትማር ለአባቴ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ "አንቺው ራስሽ በቅጡ ሳትበዪ ሁለተኛ አፍ በምን ልታጎርሺ ነው? ለልጅቱ ጠያቂ መጥቶላታል። እስከ መስከረም እጠብቅሻለሁ።" ደብዳቤውን አጥፌ ትራሴ ሥር አኖርኩት። ስመኝ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የጅምላውን ነገር ያሰብኩት። ስምንት አስተማሪዎች ገንዘብ አዋጣን፤ በጥር፣ ጤፍ ከአውድማ በገባ ማግስት ጎሬ ወጥቼ ስምንት ኩንታል እንድገዛ ተላክሁ። ገዛሁም፤ ዋጋው ከጋምቤላው ጋር አይወዳደርም። እዚያ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን ብልጠት መጣብኝ። ጋምቤላ የወፍጮ ዋጋ ውድ ነው፤ ወፍጮውም በቆሎና ማሽላ የሚፈጭበት ስለሆነ ጤፋችንን እዚያ መክተት አይመቸንም። ታዲያ ለምን ሁሉንም እዚሁ አስፈጭቼ አልወርድም? እናቴ ዱቄት በእንስራ አስቀምጣ ወራት ሲቆይላት አይቻለሁ። አስፈጨሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነበርኩ፤ ግን ገና አላወቅሁም።

የጓደኞቼ ክፍል ጠባብ ስለነበር ስምንቱም ጆንያ የእኔ ቤት ተከመረ። ያን ቀን ማታ ለአባቴ፣ "ዓመት የሚዘልቅ ቀለብ አለኝ፤ ስመኝን ይላኩልኝ" ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ኮርቼ የጻፍኩት ደብዳቤ የለም።

መጋቢት ሲገባ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫው ጀመር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ በግድግዳው በኩል ያለውን ጆንያ ፈታሁና እጄን ሰደድኩ። ዱቄቱ ሞቀኝ። ሳወጣው ጣቶቼ ላይ ቀጭን ድር ተጠምጥሟል፤ ሽታውም እንደ ቆየ ዘይት ነው። ቀመስኩት፣ መረረኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የጎሬ እንስራ ያለው የጎሬ ብርድ ውስጥ መሆኑን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? የሰባት ሰው ገንዘብ አለበት፤ ከሁሉ በላይ የእህቴ ዕድል አለበት።

ለቅሶዬን የሰማችው አሪየት ናት። አሪየት ወንዙ ዳር ትልቁ ማንጎ ሥር የምትኖር፣ በየቤቱ እየዞረች ዓሣ የምትሸጥ የአኙዋ ሴት ነበረች፤ ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ዓሣዋን ደጃፌ ላይ አውርዳ ገባች። ስምንቱንም ጆንያ አንድ በአንድ አስፈታችኝ፤ በእያንዳንዱ እጇን እየሰደደች አሸተተች። አንዱን በእግሯ ወደ ጎን ገፋችው።

"ይኼ ለዶሮ። ሌላው ገና ደህና ነው" አለችኝ። "ግን ቲቸር፣ እዚህ አገር ምግብ አይተኛም። ዓሣ ጠዋት አወጣለሁ፣ ማታ የሰው ሆድ ውስጥ ነው። ለምን ታስተኚዋለሽ? ብዙ ቤት ስጪው፣ ቶሎ ያልቃል።"

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ተማሪዎቼን ሳስጽፍ ስንት ጊዜ ውዬበታለሁ። ትርጉሙን ያወቅሁት ግን ያን ቀን፣ የዓሣ ሽታ ካለበት ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

ለባልደረቦቼ ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ማስፈጨቱ የእኔ ሐሳብ እንደነበር አልደበቅሁም። የሒሳቡ አስተማሪ ተሾመ፣ እኔን ጤፍ ግዢ ብለው ልከው ብልጠት ገዝቼ መምጣቴን ነግሮኝ ሲያበቃ፣ በአሪየት መላ ግን ተስማማ። በማግስቱ ከሥራ በኋላ አሪየት ዱቄቱን በሳፋ ሞልታ ራሷ ላይ፣ እኔም እንደ አገሬ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ወጣን። አስተማሪ ሆኜ ዱቄት ተሸክሜ በየደጁ ስዞር ተማሪ እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነበር። አሪየት ዞር ብላ አየችኝና በዚህ ሙቀት ማን ሞቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

የመጀመሪያው ቤት የአንድ የቢሮ ሠራተኛ ሚስት ቤት ነው። ሴትየዋ ርካሽነቱ አጠራጥሯት በሩን ልትዘጋ ስትል አሪየት ሳፋውን አወረደች።

"እጅሽን አስገቢ" አለቻት። "አሽቺ። አሁን ጥሩ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥሩ አይደለም። ትንሽ ውሰጂ።"

ይህን ያህል እውነት ያለበት ሽያጭ አይቼ አላውቅም ነበር። ሴትየዋ አሸተተች፤ ሦስት ጣሳ ወሰደች፤ ጎረቤቷንም ጠራችልን። በየቤቱ እንዲያው ሆነ። ማን ስንት እንደሚፈልግ፣ ማን ዓሣ ጨምሮ እንዳዘዘ አሪየት ሁሉንም በቃሏ ትይዘው ነበር። ተማሪዎቼም ማየታቸው አልቀረም። በሦስተኛው ቀን "ቲቸር ዱቄት" የሚል ስም ወጣልኝ፤ ዛሬም ያን ጊዜ ያስተማርኳቸው፣ ሽበት ያወጡ ሰዎች ገበያ ላይ በዚሁ ስም ይጠሩኛል።

ዱቄቱ ሳይበላሽ አለቀ፤ የባልደረቦቼም ገንዘብ ተመለሰ። ያልጠበቅሁት ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ሴቶቹ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ይጠይቁን ጀመር። ባለ ወፍጮውን ለምነን ቅዳሜ ጠዋት ድንጋዩን ጠርጎ ጤፍ ብቻ እንዲፈጭ አስማማነው። ጋሽ በላቸው የሚባሉ የጭነት መኪና ሾፌር በየወሩ እህሉን ያመጣሉ፤ ከወር በላይ የሚቆይ አናስመጣም፤ ለየቤቱ እናደርሳለን። አሪየት ድርሻዋን እያገኘች ለባሏ አዲስ መረብ ገዛች። እኔ ደግሞ ወሩ ሲያልቅ ደመወዜ ውስጥ የሚተርፍ ነገር ማየት ጀመርኩ። ለአባቴ መልሼ ጻፍኩ፤ በዚህኛው ደብዳቤ ግን አልኮራሁም፣ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው አወራሁላቸው። መልስ አልመጣም።

ነሐሴ አለቀ። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ መኪናው አምስት ቀን ዘገየ። እኔ የምጨነቀው ለጤፉ አልነበረም፤ መስከረም ደርሶ ነበር። በጳጉሜ ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ በላቸው ጭቃ በጭቃ ሆነው ደጃፌ ደረሱ። ሸራው ተገለጠና ከጆንያዎቹ መሃል ሹራብ የደራረበች፣ ላብ ያጠመቃት ልጅ ብቅ አለች። አሪየት ቀልጠፍ ብላ እጇን ይዛ አወረደቻትና ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ ይችንስ ለየትኛው ቤት ላድርስ?"

ስመኝ አቅፌያት ሳለሁ በጆሮዬ፣ አባባ አንድ ጆንያ ጤፍ ለቀለቧ እንደላኩ ነገረችኝ። በጆንያው አፍ ላይ የተሰፋች ቁራጭ ወረቀት ነበረች። የአባቴ ጽሕፈት ናት፦ "አልተፈጨም።" በሳቅና በለቅሶ መሃል ቆሜ ቀረሁ።

ስመኝ ጀዊ ባለው የስደተኞች ጣቢያ በነርስነት ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗት፤ የራሷን ልጆችም አስተምራለች። ያኔ ከጅምላው ስንት አተረፍሽ የሚለኝ ሰው ቢኖር የምጠራው የእሷን ስም ነው። መቆጠብ ማለት ማከማቸት ሳይሆን ጓዳን ከብዙ ጓዳ ጋር ማገናኘት መሆኑን አምናለሁ፤ በስልክ ተሰባስቦ የማዘዙም ነገር ቢሆን አዲስ የሚመስለው ለወጣቶቹ ነው።

ሰኞ ዕለት፣ ቅዳሜ ከመጣልኝ ጤፍ ጥቂቱን አስፈጭቼ ያንኑ ባጃጅ ጠራሁና፣ ወንዙ ዳር ትልቁ ማንጎ ሥር ላለችው ለአሪየት እንዲያደርስልኝ ሰጠሁት። ከፍታ እስክታሸተው ቆሞ እንዲጠብቅ ነገርኩት። ሲመለስ ምን እንዳለች ጠየቅሁት።

"እጃቸውን አስገብተው ብዙ አሸተቱ" አለኝ ልጁ፣ ነገሩ ሳይገባው። "ከዚያ 'ቲቸር ተምራለች' አሉ።"