ወደ እርሻው የተመለሰው ቀያሽ

ልጅ ሳለሁ፣ ሆሳዕና አጠገብ በነበረው ቤታችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚያወራልን አጎቴ ነበር። ለውጭ አገር ቀያሾች የመሬት መለኪያ ሰንሰለት ሲጎትት የኖረ ሰው ነውና የሱ ተረት የጅብና የጦጣ አልነበረም። ከአንድ አሜሪካዊ ቀያሽ በአስተርጓሚ የሰማውን ነው፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰ የሚነግረን።

የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በልጅነቱ አባቱ ሞቶበት፣ ገና በጎረምሳነቱ ጫካ ለጫካ እየዞረ መሬት ይለካ ነበር አለን። ኋላ የጦር አዛዥ ሆኖ የእንግሊዙን ንጉሥ ጦር አሸነፈ፤ ሰዉም መርጦ ሾመው። ሁለት ጊዜ ከመራ በኋላ ግን፣ ቆይልን ቢሉት፣ በቃኝ ብሎ ወደ እርሻው ሄደ። ያኔ እኛ ከዙፋን በሞት እንጂ በእግሩ የሚወርድ አናውቅምና ሳቅን። ታናሽ እኅቴ «ታሞ ነው?» አለች።

«አልታመመም፤ ወንበሩ ከሱ በኋላም ለሰው እንዲሆን ነው» አላት።

ባሪያዎች እንደነበሩትም አልደበቀንም። መሬት ሲለካ ያልሳተው፣ ሰው ሲለካ ሳተ፤ ነጻ ይውጡ ያለው በኑዛዜው ነው፣ ያውም ዘግይቶ፣ አለን። መቆስቆሱንም ተወውና ፍሙ ቀስ በቀስ ከሰመ።

ተረስቶኝ ነበር። ያስታወሰኝ ኮሮና ነው። እዚህ ጆሃንስበርግ የእድራችን ዳኛ ነበርኩ፤ ሁለት ጊዜ መርጠውኛል። ማንበብ አልችልም፤ ይህን ግን ማንም አያውቅም ነበር። ወረቀት ሲመጣ ጸሐፊያችን ዓለሚቱ በስብሰባ ላይ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ማኅተም አሳርፋለሁ። ሎክዳውን ሲመጣ ስብሰባው ቀረ፤ ወረቀቱም በስልክ ይመጣ ጀመር። የአንድ አባላችን አስከሬን ከሬሳ ቤት እንዲወጣ እድሩ ወጪውን እከፍላለሁ ብሎ መልስ የሚሰጥበት ወረቀት፣ ቤሪያ ሰፈር ባለችው ክፍሌ፣ ስልኬ ላይ ሁለት ቀን አደረ። አንብቡልኝ ማለት አፈርኩ። ሁለቱን ቀን ሚስቱ ማስክ አድርጋ የሬሳ ቤቱ በር ላይ ቆመች። በሦስተኛው ቀን ምክንያቱን ሳልናገር ለዓለሚቱ ላክሁላት፤ እሷ መልስ ሰጠችና አስከሬኑ ወጣ።

የምርጫው ጊዜ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ በስልክ ድምፅ እየላኩ በሽታው እስኪያልፍ እንድቆይ ለመኑኝ። ዓለሚቱም ደወለች።

«ጋሼ፣ በዝናብ መሃል ምሰሶ ይነቀላል እንዴ?»

«ምሰሶው ማንበብ አይችልም» አልኳት።

ቀስ ብላ «ሰውዬውን ሬሳ ቤት ያቆየነው በዚህ ነው?» አለችኝ። በዚህ ነው አልኳት።

መንገዱ ሲከፈት ማኅተሙን በጨርቅ ጠቅልዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ጻካኔ ወዳለው የዓለሚቱ ሱቅ ሄድኩና በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ አቀበልኳት። ከዚያ ወደ ሟቹ ሚስት ቤት አለፍኩ። ደጃፏ ላይ ራቅ ብዬ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

«ቢልኩልኝ እኮ እኔው አነብልዎት ነበር» አለችኝ።

ከአጎቴ ተረት የቀረልኝ የወንበሩ ነገር ይመስለኝ ነበር። ወንበሩንስ ለቀቅኩ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የምሰማው ግን «ያውም ዘግይቶ» ያለበትን ድምፁን ነው፤ ከዚያም ፍሙ ሲከስም።