የበሬው ዓይንና አባቴ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን የምታክል የዓይን ሐኪም "እማማ፣ የዓይን ሞራ ጀምሮዎታል" ስትለኝ ክው አልኩ። ሕመሙ አይደለም ያስደነገጠኝ፤ በዚህ ዕድሜ ከዚህም የባሰ ይመጣል። በደርግ ጊዜ፣ ልደታ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ በዚሁ ሞራ የተነሳ የደረሰብን ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

አባቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኑን ጉም ስለጋረደው፣ ጠዋት ጠዋት በመርፌው ክር የማስገባለት እኔ ነበርኩ። ጎረቤቱ ሁሉ "ሞራ ማለት ላዩ ላይ የበቀለ ስስ ቆዳ ነው፤ ይፋቃል" ይላል። ሰንጋ ተራ የምትፍቅ ሴትዮ ነበረች። አባቴ ቅዳሜ ሊሄድ ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ እኔም ይድናል ብዬ ደስ ብሎኛል።

ዓርብ ዕለት የባዮሎጂ መምህራችን ሁለት የበሬ ዓይን በሳህን ይዘው ገቡ። ዐቢይ ጾም ስለሆነ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ዝግ ናቸው፤ ያገኙት ከክፍላችን ልጅ ከከድር አባት ሥጋ ቤት ነው። ግማሹ ክፍል "ቲቸር፣ ጾም ነው፣ አንነካም!" እያለ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

"ብሉ አልኳችሁ እንዴ? እዩ ነው ያልኩት" አሉና የመጀመሪያውን ሰነጠቁት። ጥርት ያለ ፍሬ ወጣ። ጋዜጣ ላይ ሲያስቀምጡት ከሥሩ ያሉት ፊደሎች ጎልተው ታዩ።

"ሌንስ ይሄ ነው። ሴሎቹ ሲበስሉ በውስጣቸው ያለውን ዕቃ ሁሉ ያጠፋሉ፤ ኒውክለሱ እንኳ አይቀርም። ብርሃን የሚያግድ ነገር እንዳይኖር ነው።"

"ሞቱ ማለት ነው?" አልኩ።

"አልሞቱም። ግን ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን ማደስ አይችሉም፤ የሚተካቸውም የለም። መሀል ላይ ያሉት እናትሽ ሆድ ውስጥ ሳለሽ የተሠሩት ናቸው። በእርጅና የሚደፈርሱትም ለዚህ ነው።"

ሁለተኛው ያረጀ በሬ ዓይን ነበር። ላዩ ንጹሕ ነው፤ ከውስጡ የወጣው ሌንስ ግን የተቀቀለ እንቁላል መስሏል። ጾሜን ረስቼ በጣቴ ነካሁት። ጉሙ ያለው ውስጥ ከሆነ ሴትዮዋ የምትፍቀው ምኑን ነው? ደህናውን!

ደወል ሳልጠብቅ ወደ አባቴ ሱቅ ሮጥኩ። ዝግ ነው። ጎረቤቱ "ደስ ይበልሽ፣ ቀጠሮው ለዛሬ ሆኖለት ሄደ" አሉኝ። በዚያ የበልግ ጭቃ ሰንጋ ተራ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

አባቴ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ሻካራ ቅጠል በእጇ ይዛለች። ግራ ዓይኑ ደም ለብሶ ተጨፍኗል።

"አባዬ፣ ተው! ላዩ ጤነኛ ነው! ውስጥ ነው ያለው!"

"ማን ነገረሽ ልጄ?"

"አሁን አይቼው መጣሁ!"

ሴትዮዋ "ይቺን አስወጡልኝ" ስትል አባቴ እጇን ገፍቶ ተነሳ። ግራው ዓይን ዳግመኛ አላየም። የቀኙ ሌንስ በኋላ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ወፍራም መነጽር አድርጎ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። "አንቺ፣ መቼ ነው ይሄን ያህል ያደግሽው?" አለና አለቀሰ።

እኔም አሁን ቀዶ ሕክምና ተቀጥሮልኛል። ሐኪሟን "የሚወጣውን ትሰጪኛለሽ?" አልኳት።

ሳቀች። "እማማ፣ ሰባብረን መጥጠን ነው የምናወጣው። የሚተርፍ ነገር የለውም።"

ያ ሌንስ እናቴ ሆድ ውስጥ የተሠራ ነው፤ የሚተካው የለም። አባቴን ያየሁት በእሱ ነበር።