የፋጡማ ክስና የዛሬው ምስክርነቴ

ዛሬ ጠዋት ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ጠጋ ብሎ በአማርኛ «እህቴ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ።

ማስፈራሪያ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

እዚህ ጅቡቲ የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለቦርድ አባልነት የመረጥነው ባልደረባዬን ፋጡማን ነበር። አስተዳደሩ ግን የራሱን ሰው ሾመ፤ እሷም ከሰሰች። እኔ ምስክሯ ነኝ።

ፋጡማ እዚያው ደጃፉ ላይ ፊቴን አይታ «ከፈራሽ ተመለሺ፤ አልቀየምሽም» አለችኝ።

ገባሁ። የመረጥነው እሷን መሆኑን ተናገርኩ። ፈረንሳይኛው ሁሉ ጠፋብኝ፤ የማስተምረው ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው!

ዳኛው ሹመቱን አገዱት። ፋጡማ አቅፋኝ አለቀሰች።

አሁን ጋቦዴ ሰፈር ያለውን ቤቴን ቆልፌ ተቀምጫለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

እናንተስ እየፈራችሁ መስክራችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ በኋላስ እንዴት እንቅልፍ ወሰዳችሁ?