ምን ለብሳ ሸኘችህ?

በሱዳኗ ገዳሪፍ መጠየቅ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እኔ ቤት ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። አማርኛውን ከዳዊት፣ ዓረብኛውን ከሱቅ ሰሌዳ ላይ ለብቻዬ ነው የለቀምሁት። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከጎንደር ቆላ የሚወርዱ ሰዎች የቱ እርሻ እንደሚሻል ለማወቅ መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣሉ። ራሳቸው ሲጠይቁ ደላላውን "እርሻው ጥሩ ነው?" ይሉታል። እርሱም "ታማም፣ ጥሩ ነው" ይላቸዋል። ሌላ ምን ይበል? በ"አዎ" የሚያልቅ ጥያቄ ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አይደለም። እኔ ግን ከዚያው እርሻ የተመለሰ ሰው እፈልግና የምትጠጡትን ውኃ ከየት ትቀዱ ነበር፣ አምና አብሮህ ያጨደው ሰው ዘንድሮ ለምን አልተመለሰም እለዋለሁ። ከዚህ በላይ አያስፈልገኝም።

የምኖረው ለብቻዬ ነው። ሚስቴ ሞታለች፤ አብረውኝ ከተሰደዱት ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ካርቱም ከተረበሸች ወዲህ ተበታተነ። የቀረኝ ዘመድ በመተማ በኩል ያለው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበር። እንዳልሄድ ድንበሩ እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ጉልበቴም ከድቶኛል። በስልክ ነበር የምንገናኘው። ከክረምቱ ወዲህ ግን በደወልሁ ቁጥር የምታነሣው ሚስቱ ሆነች። አንድ ጊዜ ማሳ ሄዷል፣ አንድ ጊዜ ገበያ ወርዷል፣ ሌላ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ነው ትለኛለች። "ደህና ነው ወይ?" እላታለሁ። "ደህና ነው" ትለኛለች። ሌላ የምጠይቀው አጥቼ አልነበረም።

በእኛ ዘንድ በሰው አገር ለብቻው ለተቀመጠ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው። የሚሰበሰብለት ከሌለ "ደህና ነው" እየተባለ ይኖራል።

አጨዳው ሲደርስ ከወንድሜ መንደር አንድ ጎልማሳ መጣና "ወንድምዎ ናቸው የላኩልዎት" ብሎ በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ ሰጠኝ። በጠፍር አልጋዬ፣ በአንግሬቡ ላይ አስቀምጬው ሻይ ቀዳሁለት። ስለ ወንድሜ የሚመልሰውን አጥንቶ እንደመጣ ከዐይኑ አወቅሁ። ሰው የሚዘጋጀው ይጠይቁኛል ብሎ ለሚጠብቀው ነው፤ አጠገቡ ላለው ነገር አይዘጋጅም። ስለዚህ ወንድሜን አላነሣሁበትም። ስለ ዝናቡ ጠየቅሁት፤ በዶካ በኩል መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቅሁት፤ በርበሬውን ማን እንደቋጠረው ጠየቅሁት። የወንድሜ ሚስት እንደቋጠረችው፣ እስከ ወንዙ ድረስም እንደሸኘችው አጫወተኝ።

"ምን ለብሳ ሸኘችህ?" አልሁት።

"ከል..." አለና ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ።

በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ለሌላ ሰው ስጠይቅ ግን መልሱን ተቀብሎኝ የሚሄድ ባለቤት ነበረው። ይህኛው ከእኔው ጋር ቀረ።

"አያ፣ እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"አልተናገርህም። እኔም ገና አልሰማሁም" አልሁት። "ነገ ጎህ ሲቀድ ሰው ይዘህ ትመጣለህ?"

"አዎ" ከማለት በቀር ምንም የማያመጣ ጥያቄ ነበር። እርሱም አዎ አለኝ። አላመንሁትም። ያም ሆኖ የደጃፌን ዳስ፣ ራኩባውን ጠርጌ ሰሌኑን ዘረጋሁ።

መጡ። አብረውት የሚያድሩ አጫጆች ናቸው፤ አንዳቸውንም አላውቃቸውም። የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ በደጃፌ ተሰልፈው ቆሙና አረዱኝ። እንዳልሰማ ሰው ጮኼ አለቀስሁ። እነርሱም ለማያውቁት ሰው አለቀሱልኝ። ለቅሶው ጋብ ሲል ከመካከላቸው ሸበት ያለው ሰው ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"አያ፣ ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"

እኔን ሰው የጠየቀኝ መቼ እንደነበር አላስታውስም። እኔ ብሆን ኖሮ እንዲያ አስፍቼ አልጠይቅም ነበር፤ መላሹን መያዣ መጨበጫ ያሳጣዋል። ወደ እርሻ የሚወስዳቸው ሎሪ ከአስፋልቱ ዳር ጡሩምባውን ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። ማንም ከሰሌኑ አልተነሣም።

"ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል" ብዬ ጀመርሁ።